ጎማ ያወጣ ቤት በሞዘል ወንዝ ዳር

በእኛ አገር ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ወር፣ በጀርመን አገር በጋ ነው። ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። ትምህርት ቤቶች ለስድስት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ፤ ወላጆችም የዓመት ፈቃዳቸውን ከልጆቻቸው ዕረፍት ጋር ለማገጣጠም ይሯሯጣሉ። በዚህ ወቅት በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ አንድ ለየት ያለ ተሽከርካሪ በብዛት ይታያል። ከፊት ለፊት ሲያዩት የዕቃ መኪና ነው፤ ከጎኑ ሲመለከቱት ግን መጋረጃ የተጋረደበት መስኮትና የቤት በር አለው። ጀርመኖች «ቮንሞቢል» ይሉታል። እኛ ቤት መኪና ብንለው ያስኬዳል። በውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ አለውና።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ነገር የባለጸጎች መጫወቻ ሊመስል ይችላል። አዲሱ በእርግጥም ውድ ነው። ይሁን እንጂ አሮጌውን አፈላልገው እየገዙ ለቤተሰብ ዕረፍት የሚጠቀሙበት ሠርቶ አደሮች ጥቂት አይደሉም። በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎችም ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ እንዲህ ያለ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤት መኪናውን እንዴት መርምሮ እንደገዛ፣ በኋላም በሞዘል ወንዝ ዳር ምን ዓይነት ዕረፍት እንዳገኘበት ለአንባቢ ማካፈል ነው።

ቤትን አስከትሎ የመጓዝ ነገር በጀርመን አገር ሲነሣ፣ የአንዲት ሴት ስም አብሮ ይነሣል። ፍሪድል ኤደልማን ሠዓሊ ነበረች። የሕይወት ጓደኛዋ አሪስት ዴትሌፍስ ኢስኒ በተባለች ከተማ አለንጋ ከሚያመርት ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ ለሽያጭ ሥራ እየተዘዋወረ ለረጅም ጊዜ ከቤቱ ይርቅ ነበር። እርሷም መለያየቱን አልወደደችውምና አብራው እየተጓዘች ሥዕሏን የምትሥልበት መንገድ እንዲፈለግ ጠየቀች። ዴትሌፍስ በ1931 (እ.ኤ.አ.) በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ሠራላት። በጀርመን የተጎታች ቤት መጀመሪያ ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ቤቱና ሞተሩ አንድ አካል እየሆኑ መጡ። ፎልክስዋገን በ1950 ማምረት የጀመረውን ሚኒባስ፣ ቬስትፋልያ የተባለው ድርጅት ከ1951 ጀምሮ መኝታና ቁም ሣጥን ይገጥምለት ጀመር። እንግዲህ የነገሩ መነሻ የሽርሽር ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ እንዳይለያይ የማሰብ ጉዳይም ነበረ ማለት ነው።

ወደ ፍራንክፈርቱ ቤተሰብ እንመለስ። እመቤቲቱ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። በሆስፒታል ነርስ ስትሆን አንዱን ሳምንት ሌሊት፣ ሌላውን ሳምንት ቀን ትሠራለች። ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እርሳቸው ሲገቡ እርሷ ትወጣለች። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሲሆን የመጨረሻው ስምንት ነው።

ባልና ሚስቱ ለስድስት ዓመት ካጠራቀሙት ገንዘብና ከኢትዮጵያውያን ሴቶች ዕቁብ ከደረሳት ጋር ተደምሮ 27,000 ዩሮ ያህል በእጃቸው ገባ። በገንዘቡ አሮጌ ቤት መኪና እንደሚገዙ በተሰማ ጊዜ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ተቃወመ። «በዚህ ብር አገር ቤት መሬት አይገዛም ወይ? ስንት ጊዜስ እናትሽን አይተሽ አትመለሽበትም?» ያላት ብዙ ነው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። እናቷ ደሴ ናቸው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ይንራል፤ ለአምስት ሰው ሲሆን ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህም ቤተሰቡ አገር ቤት የሚገባው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በመካከሉ ያሉት የዕረፍት ወራት በጠባቡ አፓርትመንት ውስጥ በቴሌቪዥን ፊት ያልፋሉ።

«ለእናቴ የማስቀምጠውን አልነካሁም» አለችኝ እትዬ። «ግን ሦስቱን ልጆቼን ባንድ ገበታ ቁርስ ሲበሉ የማየው በዓመት ስንት ቀን ነው? ትልቋ ከእኛ ጋር የምታሳልፈው ሦስት ክረምት ቢቀራት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ትሆናለች፤ ትሄዳለች። መሬቱ ግን የትም አይሄድም።»

አሮጌ ቤት መኪና ሲገዛ ሁለት ነገር አብሮ ይገዛል፤ መኪናም ቤትም። ብዙ ሰው ሞተሩን አስፈትሾ ቤቱን ይዘነጋል። ሞተር ቢበላሽ ይጠገናል፤ ካምቢዮም ይለወጣል። ግድግዳው ውሃ ያስገባ ቤት ግን የመኪናውን ዋጋ ያህል ሊያስወጣ ይችላል። የብዙዎቹ ግድግዳ ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ስስ ጣውላ፣ በመካከሉ ደግሞ የእንጨት ማገርና ፎም ነው። በመስኮቱ ጠርዝ ወይም በጣሪያው መጋጠሚያ የገባች ጠብታ ለዓመታት ሳትታይ እንጨቱን ታበሰብሰዋለች።

ባልና ሚስቱ መጀመሪያ ያዩት መኪና በአንድ የሽያጭ ግቢ የቆመና የሚያብረቀርቅ ነበር። ባለቤቷ ሞተሩን አስነሥተው አዳመጡት፤ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ሞከሩት፤ ወደዱትም። እትዬ ግን የገባችው ከኋላ በኩል ነው። ቁም ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍታ አሸተተች። የሽቶው ብዛት አስጠረጠራት። ከሹፌሩ ራስ በላይ ወዳለው አልጋ ወጥታ ፍራሹን ገለጠችና ማዕዘኑን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣውላው እንደ ዳቦ ሰረጎደ። እርጥበት በሚለካው መሣሪያ ይታይልን ብትል ሻጩ አያስፈልግም አለ። እንግዲያውስ መኪናውም አያስፈልግም ብላ ወረደች። ባለቤቷ ይህንን ለእኔ ሲያጫውቱኝ «ሞተሩን እኔ አየሁ፤ ቤቱን ያየችው እርሷ ናት» አሉ።

ሁለተኛው መኪና ስድስት ሰው ያስተኛል ተብሎ የቀረበ ነበር። መኝታው እርግጥ ስድስት ነው። የደኅንነት ቀበቶ ያለው መቀመጫ ግን አራት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አምስት ለሆነ ቤተሰብ ይህ አይሆንም። በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ወደ ጎን የዞረ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሲቆሙ ለመብል ይመቻል፤ በጉዞ ጊዜ ልጅ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ አልጋ ከመቁጠር በፊት ቀበቶ መቁጠር ይገባል።

ሦስተኛው በማይንትስ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት የሚሸጡት ነበር። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሆኖ የፊት አካሉና ሞተሩ ፊያት ዱካቶ ነው፤ በአውሮፓ አብዛኛው ቤት መኪና የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው። ሽማግሌው የሰርቪሱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ማኅደር አቆይተዋል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ፣ ግድግዳው በየዓመቱ ለእርጥበት መመርመሩና በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የጋዝ ምርመራ ሁሉም በማኅተም ተረጋግጦ ይታያል። የጋዙ ጎማ ቱቦና መቆጣጠሪያው ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው መለወጥ አለባቸው፤ ይህም ተጣራ። መቀመጫው ስድስት፣ ቀበቶውም ስድስት ነው።

አንድ ጉድለት ግን ተገኘ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል። በጎናቸው ላይ የታተመው ቁጥር ግን 0715 ይላል፤ በ2015 ሰባተኛ ሳምንት ላይ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል፤ ያረጀ ጎማ ደግሞ በሙቀትና በሸክም ጊዜ ይፈነዳል። በዚህ ምክንያት ከ27,300 ዩሮው 800 ተቀንሶ በ26,500 ዩሮ ተስማሙ።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ ክብደት ነው። በጀርመን ከጥር 1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በወጣው ተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ ነው። እትዬም መንዳት ስለፈለገች ከዚህ የማይበልጥ መረጡ። መኪናው ከነሹፌሩና ከነነዳጁ 2,980 ኪሎ ይመዝናል። የሚቀረው 520 ኪሎ ነው። እርሷ፣ ሦስቱ ልጆችና እኔ ስንደመር 248 ኪሎ ሆንን። ለልብሱ፣ ለምግቡ፣ ለወንበሩና ለብስክሌቱ 272 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ያስታውሷል፤ መቶ ሊትር የሚይዘውን በርሜል ሞልቶ ከቤት መነሣት አንድ ትልቅ ሰው ጨምሮ እንደ መጫን ነው። እኛም ውሃውን የምንሞላው ማደሪያችን ስንደርስ ነበር።

ጉዞው ከፍራንክፈርት ተነሥቶ የራይንን ወንዝ ተከትሎ እስከ ኮብሌንዝ ይወርዳል። በዚያ ሞዘል ከራይን ጋር ይቀላቀላል። ሞዘል ከፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች ተነሥቶ 544 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ወንዝ ነው። ከኮብሌንዝ እስከ ትሪር በቀጥታ ቢሄዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ወንዙ ግን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርገዋል። በግራና በቀኝ ያለው ቁልቁለት ሁሉ ወይን ነው። በብሬም መንደር ያለው የካልሞንት ተራራ በአውሮፓ ካሉት እጅግ ቀጥ ያሉ የወይን ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በድንጋይ የተካበውን እርከን ላየ ሰው ኮንሶ ትዝ ይለዋል።

በየመንደሩ በወንዙ ዳር ለቤት መኪና የተከለለ ሜዳ አለ። መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ ማደር፣ ውሃ መቅዳት፣ መብራት መሰካትና የመጸዳጃውን ቆሻሻ በተዘጋጀለት ቦታ መድፋት ይቻላል። የመጀመሪያውን ሌሊት ኮኸም አደርን፤ ከኮረብታው ላይ በ1689 በፈረንሳይ ወታደሮች የፈረሰውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እንደገና የታነጸው ግንብ ይታያል። ከዚያም የእንጨት ማገራቸው ከውጭ በሚታዩት ቤቶቿ በታወቀችው በበርንካስቴል-ኩስ አልፈን ትሪር ገባን። በዚህች ከተማ ሮማውያን በ170 ዓ.ም. ገደማ የሠሩት ጥቁር በር ዛሬም ቆሟል። ካርል ማርክስ በ1818 የተወለደባት ከተማም ይህችው ናት። የከተማይቱ ካቴድራል ደግሞ እኛ በመስቀል በዓል የምናስባት ንግሥት እሌኒ ከሰጠችው ቤተ መንግሥት ላይ እንደተሠራ በትውፊት ይነገራል። ይህን የሰማው የስምንት ዓመቱ ልጅ «አያቴ የምትነግረኝ እሌኒ?» ብሎ ደሴ ስልክ ካልተደወለ አላስቀምጥ አለ።

ከሁሉ በላይ ልብ ያልሁት ግን ከመኪናው ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። እትዬ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነበር። «ቤቱ ጎማ ስላወጣ ሥራው አይቀርም» አለቻቸው። «በሰፊ ቤት የደከምኩትን በስድስት ሜትር ተኩል ቤት ልደግመው ከሆነ፣ ለእኔ ዕረፍቱ ሆስፒታል ነው።» በዚህም መሠረት የሥራ ድርሻ ተጻፈ። ውሃ መቅዳትና መጸዳጃውን መድፋት የአባት፤ ዕቃ ማጠብ የትልቋና የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፤ አልጋ ማንጠፍና ወለል መጥረግ የትንሹ። ምግብ ማብሰል በተራ ነው፤ አባትም ተራቸው ሲደርስ ሽሮ ይሠራሉ። ሽሮው ቀጥኖ በወጣበት ዕለት ማንም አላጉረመረመም፤ ተበልቶ አለቀ።

ቡና የእትዬ ድርሻ ነው፤ እርሱን ለማንም አልሰጥም ብላለች። ጀበናው የሚጣደው በጋዙ ላይ ሲሆን ከሰል ወደ መኪናው አይገባም። በተዘጋ ቦታ የከሰል ጢስ ሳይታወቅ ሰው እንደሚገድል ነርስ ናትና ታውቃለች። በወለሉ ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችም በምንጣፍ እንዳይደፈኑ ልጆቹን አስጠንቅቃለች። ይህ ምክር በረድ ሌሊት ከሰል ከመኝታ ክፍል ለምናስገባ ለእኛም ይጠቅማል።

በስድስቱ ቀን ውስጥ ትልቋ ልጅ ስልኳን ትታ ከአባቷ ጋር ካርታ ስትጫወት፣ መካከለኛው ከእናቱ ጋር በብስክሌት ወንዙን ተከትሎ ሲጋልብ አይቻለሁ። ዝናብ የዘነበበት አንድ ቀንም ነበር፤ ስድስታችንም ተጨናንቀን ዋልን፤ ጭቅጭቅም አልጠፋ። ሆኖም በር ዘግቶ ወደየክፍሉ የሚሸሽበት ስላልነበረ፣ የተጣላው እዚያው ታረቀ።

በአገራችን አሮጌ መኪና ወይም አሮጌ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ቤተሰቦች ከዚህ የሚቀስሙት ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ። መካኒክ ማማከር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩን ለእርሱና ለአባወራው ብቻ መተው አይበቃም። በቤቱ ውስጥ የምትኖርበትና የምታጸዳው ሴት ታሽተው፣ ትንካው፣ ትጠይቅ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ የሚያብረቀርቀውን ጥሎ ለመሄድ ያልደፈረ ገዢ የስድስት ዓመት ልፋቱን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ስለ ዋጋው ከመነጋገር በፊት ደግሞ ሥራውን ማን እንደሚሠራ መነጋገር ይበጃል። ዕረፍት ለቤተሰብ ነው ከተባለ እናትም ከቤተሰቡ አንዷ ናትና።