ብዙ ስም ያላት እህት



በቦሌና በገርጂ በየቤቱ የምንሰበሰብ የጸሎት ኅብረት አባላት ነን። ብዙዎቻችን በወጣትነታችን የሲድኒ ሼልደንን ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት አንብበናል። አንዱ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቴል ሚ ዩር ድሪምስ» ነው። ወንዶች ይገደላሉ፣ ሦስት ሴቶች ይታያሉ። ኋላ ግን ሦስቱም አሽሊ በምትባል በአንዲት ሴት ውስጥ ያሉ ማንነቶች ሆነው ይገኛሉ። ደራሲው የሕመሟን ሥር አልደበቀም፤ በልጅነቷ የደረሰባት ጥቃት ነው። ሆኖም ዳነች ስንል ከማንነቶቿ አንዷ በመጨረሻው ገጽ ተመልሳ ትመጣለች። አንባቢው ፍርሃት ይዞ መጽሐፉን ይዘጋል።

ስቲቨንሰን በ1886 ጄክልና ሃይድን፣ ሂችኮክም በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያቀርቡ መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። ለወንጀል ታሪክ ራሱን የማያውቅ ገዳይ ይመቻል።

አንዲት እህታችን እንዲህ ያለ ፊልም ካየች በኋላ በእንባ ጠየቀችን፦ «እኔም ሰው እገድል ይሆን?» መገናኛ ቆማ ትገኛለች፣ እንዴት እንደመጣች አታውቅም። አንዳንዴ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ይሆናል። አንድ ቦታ ለሰዓታት ሲጮኹባት ቆይተው «ኃጢአት ስለደበቅሽ ነው የማይወጣው» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ፈራች።

ሐኪሞች ይህን ዲስሶሲየቲቭ አይደንቲቲ ዲስኦርደር ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከሕፃንነት ተደጋጋሚ ጉዳት ጋር ይያያዛል። መሸሻ ያጣ ልጅ ወደ ውስጡ ይሸሻል። በዚህ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ከሌላው ይልቅ ራሱን የመጉዳት አደጋ አለበት። በአገራችን ደግሞ ሌላ ድምፅ የተናገረበትን ሰው «ዛር አለበት» ብለው «የዛር ፈረስ» ሲሉት ኖረዋል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያም በአንዳንድ ባህል ሕመሙ መንፈስ እንደያዘው ሰው ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ጽፏል።

እኛ ክፉ መንፈስ መኖሩን እናምናለን፣ ጌታም ነፃ ያወጣል። ግን የተሰበረ ልብ ሁሉ ጋኔን አይደለም። መለየት ያስፈልጋል።

ማርቆስ 5ን እንመልከት። በመቃብር ይኖር የነበረው ሰው ብዙ ነን አለ። ኢየሱስ ስሙን ጠየቀው፤ አልሸሸውም። በኋላ ሰውየው ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ሲያዩት ሰዎቹ ፈሩ። ጌታ ግን ወደ ቤተ ሰቡ ላከው። የልብ ወለዱ መጨረሻ ፍርሃት ነው፤ የወንጌሉ መጨረሻ ቤት ነው።

ለእህታችን «አንቺ ገዳይ አይደለሽም፣ የተጎዳሽ ነሽ» አልናት። እንጸልይላታለን፣ ምስጢሯን እንጠብቃለን፣ ቪዲዮ አንቀርጽም። ሐኪም ዘንድም አብረናት እንሄዳለን። በዚሁ በእኛ አቅጣጫ የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መድኃኒትና ጸሎት ጠላቶች አይደሉም።

ወገኔ፣ አንተ ወይም አንቺ በዚህ ውስጥ ካለፋችሁ፣ እግዚአብሔር የተበታተነውን ሁሉ በስሙ ያውቀዋል። ከእርሱ የተሰወረ የልባችሁ ክፍል የለም።

ጌታ ሆይ፣ የተከፋፈለውን ልብ አንድ አድርግ። ለእኛም የማይፈራ ፍቅር ስጠን። አሜን።