የአናጺው በር

ልጅነቴ ጅማ ነው ያለፈው። አጎቴ፣ እኛ ልጆች ጋሼ የምንለው፣ አናጺ ነበር። ለዓመታት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ በጓሯችን የራሱን ወርክሾፕ ሲያቆም ግድግዳውና ጣሪያው ቶሎ አለቀ፤ በሩ ግን ወራት ፈጀ። ጎረቤቱ ሁሉ የላሜራ በር እንዲያስበይድ ይመክረው ነበር። እሱ ግን «በር ሊያሠራ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእኔን በር ነው» አለና ነገሩን ዘጋው።

እንጨት መምረጥን ያወቅሁት ያን ጊዜ፣ እግር እግሩን እየተከተልኩ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ገና ከጅምሩ ወጣ። ዝግባና ቀረሮ ለቁም ሣጥን ይወዳቸዋል፤ ለጅማ ዝናብ ግን አያምናቸውም፣ እርጥበት ሲደጋገምባቸው ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ዋንዛ ሆነ። ዋንዛ ለመጋዝም ለመሮም አያስቸግርም፣ ምስጥም እንደሌላው እንጨት አይደፍረውም፤ ሲላግ የሚያወጣው ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ዛሬም ልቤን ይወስደዋል። መሬት ለሚጠጋው መቃን ከደጋ የመጣ ጥድ ገዛ። መላጊያው ጥዱን ሲነካው ክፍላችን ውስጥ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተኝ። ነገርኩት። «እርሳስም ከዚሁ ይሠራል» አለኝ። በማግስቱ ደብተር ላይ ስጽፍ እርሳሱን ደጋግሜ አሸተትኩት።

ሳንቃው ታዛ ሥር፣ ነፋስ በመሃል እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ተደረደረ። ለምን አይቸኩልም ብዬ ጠየቅሁት። የአንዱን ሳንቃ ወርድ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሮኝ በጋው ሲጠና መልሼ እንድለካ አዘዘኝ። ስለካው ከምልክቱ ገባ ብሎ አገኘሁት። «አየሽ? በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ተቆርጦም ውኃ መጠጣቱን አልተወም።» የሞተ የመሰለኝ እንጨት የሚነፍስ ሆነብኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳንቃ ባየሁ ቁጥር በእጄ ሳልዳብስ አላልፍም።

ስለዚህም ሳንቃዎቹን የአንዱን ጠርዝ ሌላው ውስጥ እያስገባ ሲያጋጥም በመካከላቸው ኮላ አልቀባም። እንዳሻቸው ያብጡ፣ ይኮማተሩ፤ ከጀርባ በአግድም የተመቱት እንጨቶች ይይዟቸዋል። በሩን ቁም ሣጥን እንዲወጣበት ባለ ሁለት ክፍል፣ የሥራ ቦታ እንዳያጣብብ ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት አደረገው።

ከሁሉ የወደድኩት ሰያፉን እንጨት ነው። አራት ጭረት እንጨት በሚስማር አገናኝቶ ሰጠኝና ስገፋው ተጋደመ። አምስተኛውን በሰያፍ ሲመታበት እንቢ አለኝ። በበሩ ላይ ሰያፉ ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ተነሥቶ መክፈቻው ወዳለበት ላይኛው ጥግ ይወጣል፤ የበሩን ክብደት ተቀብሎ ወደ ማጠፊያው የሚመልሰው እሱ ነው። እስከ ዛሬ የማላውቀው ግቢ ስገባ በሩን ከጀርባው አያለሁ። ሰያፉ ተገልብጦ ከተመታ ያ በር አንድ ቀን መሬት ይጎትታል።

የእኔ ሥራ የተልባ ዘይት መቀባት ነበር፤ በተለይ ከታች፣ የሳንቃው ጫፍ የተቆረጠበትን። ውኃ የሚገባው ከዚያ ነውና በሩ ከመሰቀሉ በፊት እስኪጠግብ ቀባሁት። በዚያው ሰሞን ጅሬን ይዞኝ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳየኝ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ፣ እንጨት የበዛበት ቤት ነው። ጋሼ ግን ቀና ብሎ ያየው ጣሪያውን ነበር፤ ወጣ ብሎ እንጨቱን ከዝናብ ያስጠለለበትን። ስንመለስ የወርክሾፑን ቆርቆሮ ከበሩ በላይ ወደ ፊት አስረዘመው።

አሁን ለራሴ ወርክሾፕ በር ልሠራ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ደግ አደረገ። የእኔ ዋንዛ አንድ ገበሬ ለቡናው ጥላ ብሎ ያሳደገው ነው። ጋሼ በደወለ ቁጥር ይጠይቀኛል፦

«ደረቀልሽ?»

«ገና ነው ጋሼ፤ ሳንቃው ከምልክቱ አልገባም።»