«እና… አገኙት?»

ጋዜጠኝነት ተመርቀን የመጀመሪያውን የሳይንስ ጽሑፋችንን የወሰድንለት አርታኢ የጠየቀን ይህችን ብቻ ነው። «አላገኙትም» አልነው። «በይ ሲያገኙት ትመጫለሽ» ብሎ ወረቀታችንን መለሰልን።

እነሆ ዛሬም አልተገኘም። ጽሑፉ ግን ቦርሳ ውስጥ ሰለቸውና ወደ እናንተ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋላክሲዎች የሚሽከረከሩበትን ፍጥነት ቢለኩት፣ ከሚታየው ኮከብና ጋዝ ብዛት ጋር አልገጥም አለ። የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው። ዳርክ ማተር፣ ጨለማው ቁስ የሚባለው እሱ ነው። በዩኒቨርስ ካለው ቁስ 85 በመቶ ያህሉ እሱ ነው ይላሉ። አሁን ይህን ስታነቡም በመሃላችሁ እያለፈ ይሆናል፤ ሰላም እንኳ አይልም።

ከመሬት በታች በቶን የሚቆጠር ፈሳሽ ዜኖን አስቀምጠው የሚጠብቁት አሉ። እኛን የገረመን ግን የተገላቢጦሹ ሐሳብ ነው፤ እጅግ በሳሳ ነገር መጠበቅ።

እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ንብርብር ነው። አንዷን ንብርብር ብቻ ብትለዩ ግራፊን ትባላለች፤ ውፍረቷ አንድ አቶም። 3 ሚሊዮን ያህሉ ቢደራረቡ 1 ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ማንቸስተር ያሉት ጌይምና ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በፕላስተር እየላጡ ለይተው እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም አሳወቁ፣ በ2010 ኖቤል ወሰዱበት። (እኛ በፕላስተር የተቀደደ ብር ስንለጥፍ ኖረናል።)

እ.ኤ.አ. በ2016 ዮኒት ሆክበርግ፣ ካትሪን ዙሬክና ሦስት ባልደረቦቻቸው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የጨለማው ቁስ ቅንጣት ግራፊን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንን ቢገፋው ኤሌክትሮኑ ይወጣል። ወፍራም ነገር ውስጥ ቢሆን ከወዲያ ወዲህ ሲላተም አቅጣጫው ይጠፋል፤ መርካቶ ግፊያ ውስጥ የገባ ሰው ከየት በኩል እንደተገፋ እንደማያውቀው። ግራፊን ላይ ግን የሚላተምበት ስለሌለ የተገፋበትን አቅጣጫ እንደያዘ ይወጣል።

አቅጣጫው ምን ያደርጋል? ፀሐይ እኛን ይዛ በጋላክሲው ውስጥ በሰከንድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነጉዳለች። ስለዚህ ጨለማው ቁስ ከፊት ለፊት፣ ሲግነስ ከሚባሉት ኮከቦች አቅጣጫ፣ እንደ ንፋስ ይመጣብናል። በሚሮጥ ሚኒባስ መስኮት እጁን ያወጣ ሰው ይገባዋል። መሬት ስትዞር ንፋሱ የሚመታን ጎን በየሰዓቱ ይለያያል። ኤሌክትሮኖቹም አብረው ከተለያዩ፣ ነገሩ ከግድግዳው የወጣ ተራ ጨረር አይደለም ማለት ይቻላል።

ጣጣ አለው። 1 ግራም ግራፊን ለማግኘት 1,300 ካሬ ሜትር ያህል መዘርጋት ያስፈልጋል። ካሬ ሲባል ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ልቡ ይደነግጣል።

አንድ ነገር እንናዘዝ። ያን ቀን ቤት እንደገባን ርዕሱን «ሳይንቲስቶች ጨለማውን ቁስ ሊይዙት ነው» ብለን ቀይረነው ነበር። አርታኢው ያወጣው ነበር፤ እርግጠኞች ነን። ግን ሰዎቹ ይህን ሁሉ የሚደክሙት ከግድግዳ የወጣ ጨረር አይተው «አገኘነው» እንዳይሉ ነው። ስለ እነሱ እየጻፍን እኛው ልንለው!

ሰረዝነው። ወረቀቱ ላይ ጭረቱ እስከ ዛሬ ይታያል።