ኮኪትን ዳግመኛ እንዳየናት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ አይከልን ካለፈ በኋላ አገሩ ከእግሩ ሥር እየሸሸ፣ ደጋው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ በረሓ እየተለወጠ ሲወርድ ያያል። ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውሃን አልፎ፣ የሱዳን ጠረፍ ከሆነችው ከመተማ ዮሐንስ ሳይደርስ በመካከል የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ኮኪት ትባላለች። መተማ ዮሐንስ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት ስለ ሆነች ስሟን የማያውቅ የለም። ኮኪት ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የሚነገርላት አይደለችም። ያላት ጥቁር የዋልካ መሬት፣ ግራርና የዕጣን ዛፍ፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት አይደለም። ታዲያ ስለ እርስዋ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጕርምስናችንን ጥለን የመጣንባት ስፍራ ስለ ሆነች ነው ብለን እንመልሳለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጥ። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ለክብር ብለን አይደለም፤ በእውነት ሁለት ሰዎች ስለ ሆንን ነው። አንዳችን መምህር፣ አንዳችን የጨርቅ ነጋዴ ነን። ብዕሩን የያዘው መምህሩ ቢሆንም ነጋዴው አጠገቡ ተቀምጦ የተረሳውን ያስታውሳል፤ የተጋነነውንም ያስተካክላል። በመጀመሪያ ግን ሦስት ነበርን።

በ1989 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ሦስታችንም የ16 ዓመት ልጆች ሳለን፣ ከሊቦ ከምከም ደጋ ተነሥተን ወደ ቈላ ወረድን። የደጋው ወጣት በየክረምቱ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ መውረዱ የተለመደ ነበረ። የሰሊጥ እርሻ ብዙ እጅ ይፈልጋልና። ሰሊጥ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ ብዙም ሳይቆይ ዐረም ይወርረዋል፤ በመስከረምና በጥቅምትም በጥድፊያ መታጨድ አለበት። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀን የዘገየ ባለ እርሻ የዓመት ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል። ከዚህም የተነሣ በአጨዳ ወራት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይወደዳል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አባቶቻችን አልመረቁንም፤ አልከለከሉንምም። እስከ አዲስ ዘመን በእግር፣ ከዚያም በጭነት መኪና ላይ ተጭነን፣ አቧራ ለብሰን ኮኪት ደረስን። የእርሻው ካቦ የተሰለፈውን ሰው እየዞረ ሲመለከት ከፊታችን ቆመና ዕድሜያችንን ጠየቀን። ሦስታችንም አስቀድመን እንደ ተማከርነው «20» አልን። ሳቀብን፤ ነገር ግን ሠራተኛ ቸግሮት ነበርና ተቀበለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የ20 ዓመት ሰው ለመምሰል ያላደረግነው ነገር የለም። ጢም ሳናበቅል በምላጭ እንላጭ ነበር። ስንናገር ድምፃችንን እናወፍር ነበር። በዚያ አገር ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ ዓመት እስከ ዓመት በበረሓ የሚኖሩ ሠራተኞች «ሳሉግ» ይባላሉ፤ አነጋገራቸውንና አረማመዳቸውን ሳይቀር ከእነርሱ እንቀዳ ነበር። ካቦው ውሃ እንድናመጣ ሲልከን «አንተ ልጅ» ብሎ ይጠራናል፤ ይህች ቃል ከፀሐዩ ይልቅ ታቃጥለን ነበር። ምኞታችን ሁሉ ከእኛ የሚያንስ አንድ ሰው ተገኝቶ «አያ» ብሎ እንዲጠራን ነበረ።

ሦስተኛው ጓደኛችን ከእኛ ይልቅ የተማረ ነበረ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሞ ዜማ ሊጀምር ሲል የአባቱ ሞት ከትምህርቱ አስቀረው፤ ለእናቱም ያለ እርሱ ልጅ አልነበራትም። ሌሊት ከግራር ሥር ጆንያ አንጥፈን ተኝተን፣ ትንኝ እንቅልፍ ስትነሣን፣ ከትምህርት ቤት የሰማውን ያጫውተን ነበር። አንድ ሌሊት «ሊቃውንቱ አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጠረ ይላሉ» አለን። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም «ታድሎ! ማንም ልጅ ሳይለው፣ ማንም ሳይልከው፣ በአንድ ጊዜ ሰው ሆነ» አለ። እጅግ ሳቅን። ከሩቅ የተኙ ሳሉጎች ዝም በሉ ብለው እስኪጮኹብን ድረስ ሳቅን።

በጥቅምት መጀመሪያ ትኩሳት ያዘው። በዚያ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላልና እኛም ወባ ነው አልን። የወባ ክኒን ዋጠ፤ ለቀቀው ስንል ተመለሰበት። ሰውነቱ እየመነመነ ሲሄድ ሆዱ ግን በግራ ጎኑ በኩል ያብጥ ጀመረ። በወሩ አጋማሽ ማጭዱን ማንሣት አቃተው። ወደ ጎንደር በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ አሳፈርነው፤ ለሾፌሩም ገንዘብ ሰጥተን አደራ አልነው።

ከሁለታችን አንዳችን አብሮት መሄድ ይገባ ነበረ። አልሄድንም። የአጨዳ ወራት ነበረ፤ የቀኑ ዋጋም ተወድዶ ነበረ። ሐቁ ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ሌላ ምክንያት ብንፈልግለት አላገኘንም። እርሱ ከጭነቱ ላይ ሆኖ «ለጥምቀት እንገናኝ» ብሎ እጁን አነሣልን፤ እኛም መኪናው ከዓይናችን ሳይሰወር ወደ እርሻው ተመለስን።

ሰሊጡ ካለቀ በኋላ ማሽላ አጭደን፣ ጥጥ ለቅመን፣ አዲስ ልብስና አንዲት ራዲዮ ገዝተን በጥር ወር 1990 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባን። ወደ መንደሩ ስንቃረብ ከጓደኛችን ቤት ደጃፍ ዳስ ተጥሎ አየን። ጥር የሠርግ ወር ነውና ሠርግ መሰለን፤ ማን አገባ ብለንም ራዲዮናችንን ከፍ አደረግነው። የጓደኛችን የ40 ቀን ተዝካር ነበረ።

የገደለውን በሽታ ስም በመንደራችን የሚያውቅ አልነበረም። ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ብዙ ሰው ወባ በሚመስል ትኩሳት ሲያልቅ ሐኪሞች መርምረው ካላዛር መሆኑን አስታወቁ። ከቈላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም ተባለ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው። ይህች ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ከመሸ በኋላ ነው። እንግዲህ ጆንያ አንጥፈን እንስቅበት የነበረው ስፍራ ቤቷ ነበረ ማለት ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ዛሬ በጎንደርና በሌሎችም ስፍራዎች በ17 ቀን መርፌ ይታከማል። ልጁን ወደ ቈላ የላከ ቤተ ሰብ ይህን ይወቅልን። ተመላሹ ልጅ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሆዱም ያበጠ እንደ ሆነ፣ በምን አገር እንደ ሠራ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ከአንድ ጆንያ ላይ ተኝተን ሳለን እኛን አልፋ እርሱን ለምን እንዳገኘችው ግን የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም.፣ ነጋዴው ሰሊጥ ሊገዛ፣ መምህሩም ጥቂት ቀን አስፈቅዶ ሊከተለው፣ ወደ ኮኪት ተመለስን። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ነበርና ቀድሞ አቧራ ስንቅም የዋልንበትን መንገድ በጥቂት ሰዓት ፈጸምነው። ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ከርከዴ ለመጠጣት ቆምን። አግዳሚው ላይ የማሽላ አጨዳ የሚጠብቁ የደጋ ልጆች ተቀምጠው በስልካቸው ዘፈን ያዳምጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጢሙን በግድ የተላጨ የሚመስል፣ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ወዲህ ይቀመጡ፤ ፀሐዩ ይጎዳዎታል» አለ። እኛም የመጣውን ሽማግሌ ለማየት ወደ ኋላችን ዞር አልን። ከኋላችን ማንም አልነበረም።

37 ዓመታችን ነበረ። ከ«አንተ ልጅ» ወደ «አባባ» ስንሻገር ያን ያህል የተመኘናትን «አያ» መቼ እንዳለፍናት እንኳ አላወቅንም። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ አገር የ37 ዓመት ሰው ከሽማግሌዎቹ ወገን ቢቈጠር ምን ይደንቃል? ደግሞ ነጋዴው ሽበቱን ቀለም ይቀባል፤ ይህንን እንዳትጽፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ 4 ዓመት ጨምረን የዋሸን ሰዎች ዛሬ ቀንሰን እንደምንዋሽ አንባቢ ማወቅ አለበት።

ናፍቆትን እንደ በሽታ ቈጥሮ በሐኪም ዓይን የጻፈበት ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ ተማሪ ነው ይባላል። ጽሑፉን ያወጣው በባዝል ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1688 ነው። ከተራራ አገራቸው ርቀው በሰው አገር ወታደር የሆኑ የስዊስ ጕልማሶችም በዚህ በሽታ የታወቁ ሆኑ። ለወታደሩ ግን ፈውስ ነበረው፤ ወደ ቤቱ ይመልሱታል። የእኛ ናፍቆት ወደ አገር ሳይሆን ወደ ዕድሜ ሆነና ኮኪት ድረስ ሄደን ልንደርስበት አልቻልንም። ስለ ሰው ትውስታ ያጠኑ የዘመናችን ሊቃውንት ደግሞ ሰው ሲሸመግል አብዝቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው የሆነውን ነው ይላሉ። ይህስ እውነት መሆኑን አይተናል። ትናንት የበላነውን የማናስታውስ ሰዎች የዚያን ካቦ የባርኔጣ ቀዳዳ እናስታውሳለን።

ግራሩን ፈለግነው። እርሻው ወደ ሌላ ሰው እጅ አልፏል፤ ዛፉ ቆሞበታል ባልነው ስፍራ የቆርቆሮ መጋዘን ተሠርቷል። እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው እያልን ስንከራከር ዘበኛው መጥቶ ምን እንደ ጠፋብን ጠየቀን። መልስ አጥተን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ኮኪትን አላየናትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገባ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ በክልላችን ከተነሣው ግጭት የተነሣም መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም።

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ግን ከገዛነው ሰሊጥ ጥቂት ከፍለን ወደ ጓደኛችን እናት ወሰድን። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ለጾም ይሆናታል ብለን ነው። በመንደራችን መምህሩን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «እርስዎ» ይሉታል፤ ነጋዴውንም ባለ ዕዳዎቹ ያከብሩታል። ይህች ሴት ብቻ ዛሬም «እናንተ ልጆች» ትለናለች። ሰሊጡን በእጇ ዘግና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ «የኔው ልጅ ሲያርም የነበረው ይህን ነው?» አለችን። አዎን አልናት። ቈልታ፣ ወቅጣ፣ ፍትፍት አድርጋ አቀረበችልን።

ሳንቀምስ ያን የ20 ዓመት ነገር ነገርናት። አብረነው መምጣት ስንችል ለገንዘብ ብለን እንደ ቀረን፣ ምንም ሳናስቀር፣ ነገርናት። ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ዝም አለች።

«ዐውቃለሁ» አለች። «እንዳይመጡ የከለከልኋቸው እኔ ነኝ ብሎኝ ነበር። መዋሸቱን ዐውቄዋለሁ፤ ልጄ ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብራል።»

እኛም አንገታችንን ደፋን።

«ልጆች ነበራችሁ እኮ» አለች። ከዚያም ትሪውን ወደ እኛ ገፋ አደረገችና «በሉ ብሉ፣ እናንተ ልጆች፤ እንዳይቀዘቅዝ» አለችን።