ደጋ የዘነበ፣ ቆላ የገደለ

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። ሞትን ፊት ለፊት ያየሁት ግን ድሬዳዋ ነው፤ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ። ቀፊራ ገበያ ሸቀጥ ልገዛ ወርጄ መሸብኝና ደቻቱ ዳር ካለው የአክስቴ ቤት አደርሁ።

ደቻቱ ድሬን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ቦታ ያጣ ድሃም ዳርቻው ላይ ቤት ይቀልሳል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ የሚከርምን ነገር ማን ይፈራል?

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል፤ ግን እየቀረበ ይመጣል እንጂ አያልፍም። ወዲያው ከውጭ «አቦ ተነሱ! ደቻቱ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መብራት የለም። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፤ በሩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ላይ ነበር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃው ገፍቶ ይዞታል። በትከሻችን ብንገፋው ንቅንቅ አልል አለ።

«ልጄ፣ በመስኮት!» አለች አክስቴ። በመስኮት ወጥተን የአጥሩን ግንብ ተንጠለጠልን። የጎረቤት ልጅ ጣራ ላይ ሆኖ ሽርጡን ፈትቶ ወረወረልንና በየተራ ሳበን።

በዚያ ጨለማ ብዙ አይታይም፤ ሁሉም ነገር ግን ይሰማል። ቆርቆሮ ይቀደዳል፣ ፍየል ይጮኻል፣ ሰው የልጁን ስም ይጣራል። ጥቂት ቆይቶ የሚጣራው ድምፅ ራሱ ይጠፋል። እኔ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ይኼ ነው።

ሲነጋ ውሃው ሄዷል። ግቢውን እስከ ወገብ አሸዋ ሞልቶታል፤ የአክስቴ አክምባሎ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ከእኛ በታች የነበሩት ቤቶች መሠረታቸውም የለም። ሰው ዘመዱን በአካፋ፣ አካፋ ያጣም በእጁ ይቆፍራል። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎች የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቀሩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ወደቀ።

ያ ውሃ በአብዛኛው ድሬ ላይ የዘነበ አይደለም። ከደንገጎና በዙሪያው ካለው የሐረርጌ ደጋ የወረደ ነው። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ሲያልቅ ቁልቁለቱ ተራቆተ፤ ዝናቡ አፈር ውስጥ የሚሰርግበት ጊዜ ስለማያገኝ ድንጋዩንና አሸዋውን እየጠረገ በጥቂት ሰዓት ቆላ ይደርሳል። እኛን ሐረሮችንም ያስጠማን በከፊል ይኸው መራቆት ነው። ከተማችንን ለዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በአንድ በኩል በደለል እየተሞላ፣ በሌላ በኩል በመስኖ እየተመጠጠ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ጀጎል ውስጥም ጀሪካን አሰልፎ ማደር ተለመደ። ኋላ ላይ ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽቅብ እንዲመጣ ተደረገ። በደጋ ያላስቀረነውን ውሃ ከቆላ በፓምፕ እንመልሰዋለን።

ከአደጋው በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ የተፈናቀለውም ቤት ተሰጥቶት ሰፈረ። ደግ ሥራ ነው። ሆኖም ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፉ ተመልሶ መጥቶ ሰው ወስዷል። የአየር ንብረቱ ሲዛባ የወር ዝናብ በአንድ ሌሊት ይወርዳል፤ ያንን ግንብ ብቻውን አይችለውም። ቁልቁለቱ ላይ እርከን ካልተሠራና የተተከለው ዛፍ እስኪጸድቅ ካልተጠበቀ፣ ግንብን በግንብ ላይ ብንቀጥል ዋጋ የለውም።

እናንት የደጋ ሰዎች፣ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል ከሰማችሁ ድሬ ላለ ዘመዳችሁ ደውሉና ቀስቅሱት፤ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ስልኩ ይደርሳል። እናንተም ድሬዎች፣ ደቻቱ ደረቀ ብላችሁ አሸዋው ላይ ቤት አትሥሩ።