መልሱስ በየት በኩል ይመለስ?

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር መረብ ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ «ይህ ደግሞ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት በድሬዳዋ የደረሰብኝ ነገር ከመረቡ ይልቅ የእኔን ጠባይ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ በዚህች መጽሔታችን ላይ ለጓደኞቼ ልናዘዝ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቼ በሄድሁ ጊዜ፥ ከአንድ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ጋር ሆነን የከተማችንን ሽማግሌዎች ድምፅ መቅዳት ጀመርን። እርሱ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪ ነው፤ ቤታቸው ከዚራ ነው፤ የእኛ መጋላ። የድሮ የባቡር ሠራተኞችን፥ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎችን፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደቻቱ ጎርፍ በድንገት መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የወሰደበትን ሌሊት ያዩትን እናቶች አነጋገርን። እኔ በዚያ ሌሊት ገና ሕፃን ስለ ነበርሁ፥ የማውቀው ከሰው አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። ለተናገሩልን ሁሉ «ሐምሌ 30 ቀን በአንድ ግቢ ተሰብስበን ድምፃችሁን እናሰማችኋለን» ብለን ቃል ገባን።

ድምፁን የምናኖረው «ደመና» በሚባለው ቦታ ነበር። ደመና ሲባል ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይምሰላችሁ፤ ሩቅ አገር ባለ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ የሰው ኮምፒውተር ነው፤ እየከፈሉ ይከራዩታል። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር በአንድ ሰርቨር ላይ ነበር። በኋላ ጓደኛዬ «ሰው ሁሉ የሚያየው ገጽና የሽማግሌዎቹ ድምፅና ስም ያለበት መዝገብ በአንድ ቤት ማደር የለባቸውም» አለ። ምክሩ መልካም ስለ ሆነ ሁለት ሰርቨር ተከራይተን ገጹን በአንድ ሳብኔት፥ መዝገቡን በሌላ ሳብኔት እንድናኖር ተስማማን።

ሳብኔት ማለት በአንድ መረብ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከዚራና መጋላ አንድ ከተማ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ደቻቱ አለ። ከዚራ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ድልድይ አይሻም፤ ወደ መጋላ የሚሻገር ግን መሻገሪያውን ማወቅ አለበት። የገጹ ሰፈር ቁጥር 10.0.1.0/24፥ የመዝገቡ ሰፈር ቁጥር 10.0.2.0/24 ነበር፤ በእያንዳንዳቸው 256 አድራሻ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መልእክት በራውተር በኩል ያልፋል፤ ራውተሩ ድልድዩ ነው። በየሰፈሩ ድንበር ደግሞ ዘበኛ ይቆማል፤ ማን እንዲገባና ማን እንዲወጣ የሚያዝዘውን ደንብ የምንጽፈው እኛው ነን። ጓደኛዬ ምን እንደምጽፍ በስልክ ነገረኝ፤ የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሐምሌ 27 ቀን መዝገቡን ወደ አዲሱ ሰፈር አዛወርን። ማታ ገጹን ብከፍት ባዶ ነው። ገጹ መዝገቡን ይጠይቃል፥ ይጠብቃል፥ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይተወዋል። የቀረን ሦስት ቀን ብቻ ነው። እኔም ምርመራ ሳልጀምር ፍርድ ሰጠሁ። ለጓደኛዬ «በዕውቀትህ ተመክተህ የሽማግሌዎቹን ሥራ አበላሸኸው፤ ምክንያትህን መስማት አልፈልግም» የሚል መልእክት ላክሁበት። በማግሥቱ ምንም አልመለሰልኝም። «ኩራቱን አያችሁ?» እያልሁ ለሌሎች ጓደኞቻችን አማሁት።

እንግዲህ ብቻዬን ፍለጋ ገባሁ። በመጀመሪያ ስሙን መረመርሁ፤ የመዝገቡ ስም ወደ ትክክለኛው አድራሻ፥ ወደ 10.0.2.15 ይመራል። ሁለተኛ የመንገዱን ሰንጠረዥ አየሁ፤ ወደ 10.0.0.0/16 የሚወስደው መንገድ በሁለቱም ሰፈር ተጽፏል። ድልድዩ አልፈረሰም። ሦስተኛ «ፒንግ» የሚባለውን ጥሪ ላክሁ፤ መልስ የለም። ያን ጊዜ «ሰርቨሩ ሞቷል» ብዬ ነበር፤ ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን፥ ዘበኛው ፒንግን ከልክሎ ሌላውን ሊፈቅድ ስለሚችል የፒንግ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አራተኛ መዝገቡ የሚያዳምጥበትን በር፥ ቁጥር 5432ን፥ አንኳኳሁ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በበሩ ላይ የሚያዳምጥ ባይኖር ኖሮ፥ ማሽኑ ወዲያው እምቢ ባለኝ ነበር። እምቢታም መልስ ነው፤ ጥያቄው ደርሶ መልሱ መመለሱን ያስረዳል። እኔ ያገኘሁት ግን ዝምታን ነው። አምስተኛ፥ አከራዩ ለችግር ጊዜ በሚሰጠው ኮንሶል ወደ መዝገቡ ሰርቨር ገብቼ አየሁ። መዝገቡ ነቅቶ ያዳምጣል፤ የሚያዳምጠውም ለራሱ፥ ማለት ለ127.0.0.1 ብቻ ሳይሆን፥ ከውጭ ለሚመጣውም ጭምር ነው። ሁሉም ደኅና ነው፤ ነገር ግን አይሠራም።

በዚህ ሐሳብ ተይዤ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አያቴ ወንበሩን ይዞ አጠገቤ መጣ። (በድሬ ልማድ አያትንም «አንተ» ማለት ነውር አይደለምና የሌላ አገር አንባቢ አይቀየመኝ።) አያቴ በቀድሞው ባቡር ላይ በጣቢያ ሠራተኛነት ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» አለኝ።

«እጠይቀዋለሁ፥ አይመልስልኝም» አልሁት።

«ማነው እሱ?»

«ማሽኑ።»

ሣቀ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ «ሐዲዱ ነጠላ ስለ ነበረ የሚቀጥለውን ጣቢያ ሳንጠይቅ ባቡር አንለቅም ነበር። አንዳንድ ቀን እጠይቃለሁ፥ ዝም ይለኛል። ዝምታ ደግሞ ሁለት ነው፤ ወይ እኔን አልሰማኝም፥ ወይ መልሱ አልደረሰኝም። ሰውዬውን ከመስደቤ በፊት ይህን ነበር የምለየው። አንተ ለይተሃል?»

አልለየሁም ነበር።

ያን ጊዜ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ የሚያሳየውን፥ ቲሲፒደምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትሁ። ሁለት ማሽኖች ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፦ አንዱ «ልናገር?» ይላል፤ ሌላው «ሰምቻለሁ፥ ተናገር» ይላል፤ የመጀመሪያው «እሺ» ይላል። በመዝገቡ በኩል «ልናገር?» የሚለው ሲደርስ አየሁ። «ተናገር» የሚለውም ሲወጣ አየሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። በገጹ በኩል ግን አንድም መልስ አልገባም። መዝገቡ ዝም አላለም ኖሯል። እየመለሰ ነው፤ መልሱን መንገድ ላይ የሚያስቀርበት ሌላ ነው።

ያ ሌላ እኔ ነበርሁ። ዘበኛ ሁለት ዓይነት ነው። በማሽኑ ደጅ የሚቆመው ያስታውሳል፤ የገባውን ሲወጣ «ቅድም ያስገባሁህ ነህ» ብሎ ያሳልፈዋል። በሰፈሩ ድንበር የሚቆመው ግን አያስታውስም፤ መግቢያውና መውጫው ለየብቻ ካልተጻፈለት መልሱን እንደ ባዕድ ይቈጥረዋል። እኔ ለመዝገቡ ሰፈር መግቢያውን 5432 ብዬ ጻፍሁ፤ መውጫውንም 5432 ብዬ ጻፍሁ፤ በገባበት በር የሚወጣ መስሎኝ። ነገር ግን ጠያቂው ከቤቱ ሲነሣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ጊዜያዊ ቁጥር ይይዛል፤ በሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ32768 እስከ 60999 ካሉት አንዱን ነው። መልሱ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው። ጓደኛዬ «መውጫውን ለጊዜያዊዎቹ ቁጥሮች ክፈት» ብሎኝ ነበር፤ እኔ የገባኝ መስሎኝ አሳጠርሁት። ደንቡን አርሜ፥ ወደ ገጹ ሰፈር ብቻ በእነዚያ ቁጥሮች እንዲወጣ ፈቀድሁ። ገጹ ወዲያው ተሞላ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ከተማችን የመገናኛ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ላይ የቆመው ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነበት ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፥ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለ ሆነ፥ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ ሐዲድ መኖሩ ብቻ መገናኘት አይደለም። እኔም ለጓደኛዬ ቁጣዬን የምልክበት መንገድ አበጅቼ፥ እርሱ የሚመልስበትን በገዛ እጄ ዘጋሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ ብዬ ከሰስሁት።

በማግሥቱ ፀሐዩ ሲበርድ ከመጋላ ተነሣሁ። የደቻቱ አሸዋ ደረቅ ነበር፤ ሰዉ በእግሩ እያቋረጠ ይሄዳል። ነገር ግን ከላይ በሐረርጌ ደጋ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጎርፉ ከሩቅ ደጋ እንደሚመጣ የነገሩኝ እናቶች ድምፅ ትዝ አለኝና በድልድዩ ተሻገርሁ። ጓደኛዬ በራቸው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከነቁጥሩ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «አቦ፥ አንተ እኮ ነህ መስማት አልፈልግም ያልከው!» አለኝ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ፥ በዚያው ማታ ጽፎ ያልላከውን መልእክት አሳየኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «መውጫውን እይ።»

ሐምሌ 30 ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። አያቴ የራሱን ድምፅ ሰምቶ «ይህ የሽማግሌ ድምፅ የማነው?» ብሎ ሁላችንንም አሣቀን። አንዲት እናት ግን አልሣቁም፤ የልጃቸውን ስም ከጠሩበት ቦታ እንድንመልስላቸው ለመኑን። መለስንላቸው። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የጠየቅኸው ሰው ዝም ያለህ ሲመስልህ፥ ከመፍረድህ በፊት የመውጫውን ደንብ ማን እንደ ጻፈው መርምር።