የመሰንቆ ጾም

ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በሳሪስ አቦ ተከብሮ፥ ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደየቤቱ ሲመለስ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ፥ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፥ አንድ ባለ መሰንቆ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። በሰፈሩ የሚኖር አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጨዋታው ስቦት ቆመ። አዝማሪውም ቀና ብሎ፥ «ስምዎን ማን ልበል ጌታዬ?» ሲል ጠየቀውና፥ ስሙንና ሽበቱን አጋጥሞ ወዲያው ግጥም ገጠመለት፤ በዙሪያው የነበረውም ሰው ሁሉ ሣቀ። ሠራተኛው ደስ አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም በስልኩ ቀረጸው። ሊሸልመው ኪሱን ቢዳብስ ግን ያገኘው አንድ ባለ 200 ብር ኖት ብቻ ሆነ። ይህ በዛበት፤ «ሌላ ቀን እሰጠዋለሁ» ብሎ አሰበና መንገዱን ቀጠለ። ማታ የቀረጸውን በውጭ አገር ላሉት ዘመዶቹ ላከላቸው፤ እነርሱም እጅግ አመሰገኑት። ምስጋናውን የተቀበለው ግን አዝማሪው ሳይሆን እርሱ ነበረ።

ወራት አልፈው ዐቢይ ጾም ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ሠራተኛው በቃሊቲ መንገድ ሲያልፍ፥ ከአንድ መጋዘን ደጅ ጆንያ ተሸክመው ከሚያወርዱት ሰዎች መካከል አንዱ በፈገግታ ሰላምታ ሰጠው። አስተውሎ ቢያየው ያ ባለ መሰንቆ ነው።

«ወንድሜ፥ መሰንቆህ የት ገባች?» አለው።

«ጌታዬ፥ እርሷም እንደ እርስዎ ጾም ይዛ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እርስዎ ግን በዘጠኝ ሰዓት ይፈታሉ፤ እርሷ እስከ ትንሣኤ ድረስ አትፈታም» ሲል መለሰለት።

ይህ ቃል ሠራተኛውን እስከ ቤቱ ተከተለው። በየዓመቱ 55 ቀን ሙሉ ዘፈንና መሰንቆ ዝም እንዲሉ ያውቃል፤ ለነፍስም እንደሚጠቅም ያምናል። ነገር ግን እርሱ በፈቃዱ ሲጾም ደመወዙ አይጾምም። አዝማሪው ግን ሁለት ጾም ይጾማል፤ አንዱ የሃይማኖት፥ ሁለተኛውም የኪስ ነው።

በኢትዮጵያ ደመወዝ የሚቈረጥለት የሙዚቃ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ልጆች አስመጥተው፥ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ጓድ አቋቋሙ። ከዚያም በኋላ ክብር ዘበኛና ፖሊስ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አወጡ፤ ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት ጋራ ዘፈኑ። እነዚህ ጾምም ቢገባ ክረምትም ቢከብድ እንጀራቸው አይቋረጥም ነበር። ይሁን እንጂ ደመወዝ የሚከፍል ጌታ፥ ምን እንደሚዘፈንና የት እንደሚዘፈንም ያዝዛል። የራሱን ቃል መናገር የሚሻው ያለ ጌታ መኖር አለበት፤ ያለ ጌታ የሚኖርም ያለ አድማጭ እጅ ሊኖር አይችልም።

ይህን መንገድ ከደፈሩት አንዱ ዐምሃ እሸቴ ነው። በዘመኑ ሸክላ የማስቀረጽና የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበረ። ዐምሃ ግን ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1969፥ በገዛ ገንዘቡ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ በሕንድ አገር አሳተመው። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። ይህን ሥራ ያቆመለት መንግሥት ወይም ባለጸጋ አልነበረም፤ ሸክላውን የገዛው የከተማ ሰው ነው። አብዮቱ ፈንድቶ የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ግን አድማጩ በጊዜ ቤቱ ገባ፤ የሌሊቱ ጨዋታ ተዳከመ፤ ዐምሃም አገሩን ለቆ ሄደ።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በመጣ ጊዜም የጨዋታ ቤቶች ተዘጉ። በካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም ሌላ ምስክር ነው። መላኩ በላይ በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ያለ ደመወዝ፥ ተመልካች በሚሸልመው ብቻ እስክስታ እየመታ ከኖረ በኋላ፥ ቤቱን ራሱ ይዞ የአዝማሪና የሥዕል፥ የግጥምና የጃዝ መሰብሰቢያ አደረገው። ከተማው ሲታደስ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ፈንድቃም ከቆየበት ስፍራ ተነሣ። ጾም፥ እላፊ፥ በሽታ፥ ግንባታ፤ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። ሁሉም ግን አድማጩን ከአዝማሪው ፊት ባራቀው ጊዜ፥ አዝማሪው እንጀራ ያጣል።

የአዝማሪን ክብደት ጠላት እንኳ ያውቅ ነበረ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ፥ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከተረት ነጋሪዎች ጋራ አሳድዶ አስገደለ፤ ቃላቸው የሕዝቡን ልብ እንዳያነሣሣበት ፈርቶ ነው። ጠላት ይህን ያህል የፈራውን ወገን በነጻ ሰምቶ ቢያልፍ፥ ምን ይባላል?

ሠራተኛው ይህን ሲያስብ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ትዝ አለው። ንጉሥ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ሳያውቅ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ ባስተዋለ ጊዜም የወደድኸውን ለምነኝ አለው፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራራ ይሄድ ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነ፤ ንጉሡም ቢከብደው እንኳ ፈጸመለት። የአዝማሪ ጨዋታ ከማሕሌት ጋራ እንደማይተካከል ሠራተኛው ያውቃል፤ ሆኖም ንጉሡ ሰምቶ ዝም ብሎ እንዳልሄደ ልብ አለ። እርሱ ግን ሰምቶ ሄደ፤ ይልቁንም የሰማውን በስልኩ ይዞ ሄደ።

የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለዘፋኝና ለተጫዋች መብት ሰጥቷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ በመንገድ ዳር ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን ኪስ አይፈታም። ይህ የአድማጩ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛው በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን ለዕድር ባልንጀሮቹ አወያያቸው። አንዱ «ለአዝማሪ ደግሞ ማኅበር ልንጠጣ ነውን?» ብሎ ቀለደ፤ ሌላው ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን አስታወሰ። በመጨረሻ 12 ሰዎች በየወሩ መቶ መቶ ብር ሊያዋጡ ተስማሙ፤ ይህም ከፋሲካ እስከ ሚቀጥለው ጾም መግቢያ፥ በዐሥር ወር 12,000 ብር ይሆናል፤ መሰንቆዋ በተሰቀለችበት ወራት ለባለቤቷ ይሰጠዋል። ወሬውን ለአዝማሪው ቢነግሩት፥ «እኔ ለማኝ አይደለሁም፤ ሳልጫወት አልበላም» አላቸው። እነርሱም በየወሩ አንድ ምሽት፥ በየተራ በአንዳቸው ግቢ እንዲጫወትላቸው ቃል ተቀበሉት።

ፋሲካ አልፎ የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ። ልጆችና ሽማግሌዎች ግቢውን ሞሉት፤ መሰንቆዋም ከግድግዳ ወርዳ፥ ጭራዋ ዕጣን ተቀብቶ፥ ድምፅዋን ሰጠች። ሠራተኛው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ተነሣና 200 ብር በአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ።

አዝማሪውም እንደ ልማዱ፥ «ስምዎን ማን ልበል ጌታዬ?» አለ።

«ስሜን ተወው፤ የጥቅምቱ ባለ ዕዳ በል» አለው።